«አፍጋኒስታንም እንደኛ ቅኝ አልተገዛችም» ያልኩበት ክርና 38 መልሶቹ

በኢንተርኔት መወያያችን ላይ ክሩን የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱም ከኔ ይጀምራል። ቅዳሜ ማታ ነበር፤ ሞቅ ብሎኝ ጻፍኩ። አፍጋኒስታን ልክ እንደኛ ቅኝ ያልተገዛች አገር ናት አልኩ። እንግሊዝን ሦስቴ፣ ሶቪየትን አንዴ፣ አሜሪካን አንዴ አሳፍራ አስወጥታለች፤ የኃያላን መቃብር የሚሏትም ለዚህ ነው፤ ታዲያ ስለ ዓድዋ ስናወራ እነዚህን ሰዎች ለምን አናነሳቸውም ብዬ ጠየቅኩ። መዝጊያዬ አፍጋኒዎች ጀግና ሕዝብ ናቸው የሚል ነበር። በሁለት ሳምንት 38 መልስ መጣ፤ ግማሹ እኔን ለማረም። ክሩ አሁን ተዘግቷል። አዲስ የሚገቡ ልጆች ግን ያንኑ ጥያቄ እየደጋገሙ ስለሚያነሱት፣ የተባባልነውን በተራ ቁጥሩ ልንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በፈረንጅ ነው።

መልስ 1 ሰላምታና ምስጋና ብቻ ናት። በሐሳቤ ተስማምቶ ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው አይጥፋ።

መልስ 2 በትሕትና የጀመረ እርማት ነበር። አፍጋኒ የሚባለው ሰው ሳይሆን ገንዘቡ ነው፤ ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአገሪቱ መገበያያ። አፍጋኒዎች ጀግና ናቸው ማለት ብሮች ጀግና ናቸው እንደማለት መሆኑን ሲያስረዳኝ እየሳቅኩ አስተካከልኩት። መልስ 3 ግን አላሳቀኝም። አፍጋን የሚለው ስም ራሱ በድሮ ጊዜ የአንዱ ብሔር፣ የፓሽቱኖች መጠሪያ ነበር፤ ዛሬ በሕግ የዜጋው ሁሉ ስም ቢሆንም ሐዛራው፣ ታጂኩና ኡዝቤኩ እኩል አይወደውም። ይህን የጻፈው ልጅ ስቶክሆልም ውስጥ አብሮት የሚሠራ ሰው አለ፤ አገሩን ሲጠይቀው መጀመሪያ ሐዛራ መሆኑን ነግሮት፣ አገሩን ያስከተለው ቆይቶ ነው። ይቺን ያዟት፤ 18 ላይ ተመልሳ ትመጣለች።

መልስ 4 የጋሼ ናት። ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ በስልክ እየጻፉ እንኳን አራት ነጥብ አይረሱም። ቅኝ አልተገዛችም ያልኩትን አንስተው ገንዳማክ ወደምትባል መንደር ወሰዱኝ። ሜይ 26 ቀን 1879 አሚር ያዕቁብ ኻን እዚያ በፈረሙት ውል የአፍጋኒስታን የውጭ ግንኙነት በእንግሊዝ እጅ ገባ። አሚሩ በዓመት ስድስት መቶ ሺህ ሩፒ ይቆረጥላቸዋል፤ በለውጡ ኻይበርን ጨምሮ የድንበሩን በሮች ለቀቁ፣ ከሌላ መንግሥት ጋርም በእንግሊዝ በኩል ካልሆነ እንዳይጻጻፉ ታሰሩ። ጋሼ እዚህ ላይ ቆም ብለው የውጫሌን 17ኛ አንቀጽ አስታወሱን። ጣሊያን በ1889 በትርጉም ተንኮል ሊያገኘው የሞከረውን ነገር፣ እንግሊዝ ከአሥር ዓመት በፊት በጦርና በገንዘብ ከያዕቁብ ኻን ተቀብላ ነበር። ምኒልክ ውሉን አፈረሱ፤ ዓድዋም መጣ። አፍጋኖች ግን በዚያ ውል ጥላ 40 ዓመት ኖሩ። የተገላገሉት በ1919 ነው፤ አማኑላህ ኻን ገና ዙፋን ላይ በወጡ በወራት ጦር ከፈቱ፣ ኦገስት 8 ቀን ራዋልፒንዲ ላይ ነጻነታቸውን አስፈረሙ።

በመልስ 5 እኔ ተከላከልኩ። የእንግሊዝ ገዢ ካቡል ተቀምጦ አገር አላስተዳደረም፤ ግብርም አልሰበሰበም። መልስ 6 አገዘኝ፦ በውሉ መሠረት ካቡል የገባው መልእክተኛ ካቫኛሪ ሁለት ወር እንኳን ሳይሞላው፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1879 ከነአጃቢዎቹ ተገድሏል። ጦሯ በ1880 ካቡልን ከለቀቀ በኋላ እንግሊዝ እስከ 1919 ድረስ ቋሚ ፈረንጅ መልእክተኛ ካቡል አላስቀመጠችም። በመልስ 7 ጋሼ ሁለታችንንም በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀመጡን፤ ለጎረቤቱ ደብዳቤ ለመጻፍ ሌላ ሰው የሚያስፈቅድ አባወራ በቤቱ ማን እንደሆነ ጠየቁ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም፤ ብቻ የኛና የነሱ ነገር አንድ ዓይነት አለመሆኑን ያኔ ነው ያመንኩት።

መልስ 8 የጦርነት ታሪክ የሚወድ ልጅ ነው፤ እንደ ሲኒማ ነው የሚተርከው። ጃንዋሪ 1842፣ በረዶ። ከካቡል 4,500 ያህል የእንግሊዝ ጦር ወታደርና 12,000 ያህል ተከታይ ይወጣል፤ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ግመሉ። ገደሉ ከግራና ከቀኝ ይተኩሳል። በሰባተኛው ቀን ጃላላባድ ምሽግ ላይ የቆሙት አንድ ሰው በቆሰለ ፈረስ ሲመጣ ያያሉ፤ ሐኪሙ ብራይደን። ባርኔጣው ውስጥ የሸጎጠው መጽሔት ነው ከሰይፍ ያዳነው። ሌላው ሁሉ አለቀ ብሎ ዘጋ። መልስ 9 አላለቀም አለ፤ የተማረኩት መኮንኖችና ሴቶቻቸው በመስከረም ተለቀዋል፣ አንዳንድ ህንዳውያን ወታደሮችም እየተንጠባጠቡ ደርሰዋል። ከሞቱትም አብዛኞቹ እንግሊዞች ሳይሆኑ ህንዶች ነበሩ፤ ታሪኩ ሲነገር ስማቸው አይነሳም። ደግሞም እንግሊዝ በዚያው ዓመት መጸው ተመልሳ የካቡልን ትልቁን ገበያ በባሩድ አፍርሳለች። ይህን ክፍል የድል ትረካ የሚወዱ ሰዎች ይዘሉታል፤ እኔም ዘልዬው ነበር።

ከ10 እስከ 12 ያሉት መቃብር በሚለው ቃል ላይ ናቸው። አንዲት ታሪክ የምታጠና ልጅ ቃሉን ጨርሶ አልወደደችውም። ታላቁ እስክንድር ባክትርያ፣ የዛሬው ሰሜን አፍጋኒስታን፣ ገብቶ ሮክሳናን አግብቶ ነው የወጣው፤ የተከላቸው ግሪኮችም ከመቶ ዓመት በላይ እዚያው ነግሠዋል፤ ኩሻን የሚባሉት የጥንት ነገሥታት የነገሡት፣ የጋዝኒው መሐሙድ ህንድን የወረረው ከዚያ ተነሥተው ነው። የሞጎልን ሥርወ መንግሥት ህንድ ላይ የተከለው ንጉሥ ባቡር በ1504 ካቡልን ያዘ፤ ከተማዋን ከመውደዱ የተነሳ አፅሙ ያረፈው እዚያው፣ በራሱ የአትክልት ስፍራ ነው። አህመድ ሻህ ዱራኒም በ1747 ካንዳሃር ላይ ከነገሡ በኋላ ሠራዊታቸው እስከ ዴልሂ ሄዷል። መቃብር ነው ከተባለ በጣም ብዙ ልጅ የወለደ መቃብር ነው የሚለውን ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሷ የበለጠ ጨዋ ነበረች።

መልስ 13 ከክሩ ሁሉ የወደድኳት ናት። ጋሼ ተመልሰው መጡና የእንግሊዙን ጄኔራል ሮበርትስን አስተዋወቁን። በ1880 ከካቡል ወደ ካንዳሃር 10,000 ያህል ወታደር ይዞ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ በሦስት ሳምንት ገደማ ተጉዞ የተከበበውን ጦር ያዳነው፣ በኋላ ሎርድ የተባለው ፍሬደሪክ ሮበርትስ። ይኸው ሰው በ1868 ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ነበር፤ ለናፒየር የመቅደላ ዘመቻ ስንቁንና ከብቱን ከመርከብ የሚያወርደውንና የሚጭነውን ሥራ ከሚመሩት አንዱ። በካቡል የበላዩ የነበረው ዶናልድ ስቱዋርትም ያን ጊዜ ሰንዓፌ ላይ ብርጌድ አዛዥ ነበር። ስቅለት ዕለት እሮጌ ላይ በፊታውራሪ ገብርዬ ጦር ላይ የተኮሱት የ23ኛው ፑንጃብ ፓዮኒር ወታደሮችም፣ ክፍለ ጦራቸው በአሥር ዓመቱ የአፍጋን ተራራ ላይ ነበር። ከፈረንጅ መጽሐፍ ላይ እኛ የመቅደላን ምዕራፍ ብቻ እናነባለን፤ እነሱም የራሳቸውን ብቻ። ለካስ ጦሩ አንድ ነው።

መልስ 14 ተደነቀ። መልስ 15 ወዲያው ከመቅደላ ስለተዘረፈው ብራና ጀመረ። እውነት አለው፤ ግን ለሱ ሌላ ክር አለ፤ አወያዩም ወደዚያው መራው።

መልስ 16 ማላላይን ከእቴጌ ጣይቱ ጋር አወዳደረ። ጁላይ 27 ቀን 1880 ማይዋንድ ላይ የአፍጋኑ አዩብ ኻን ጦር ሲያፈገፍግ ወጣቷ ማላላይ ሻሿን ባንዲራ አድርጋ መለሰችው፤ በዚያ ቀን ከ2,500 ያህሉ የእንግሊዝና የህንድ ወታደር ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋው ወደቀ። መልስ 17 ሁለት ነገር ለየ። ጣይቱ በደብዳቤም በዜና መዋዕልም ያሉ ሰው ናቸው፤ ማላላይ ግን በሕዝቡ አፍ የኖረች ናት፣ የእንግሊዝ መዝገብ አያውቃትም። ሁለተኛ፣ ኖቤል የተሸለመችው ማላላ በሷ ስም ብትጠራም ፓሽቱን ሆና ዜግነቷ ፓኪስታናዊ ነው። ፓሽቱን ሆና እንዴት ፓኪስታናዊ ሆነች ብሎ የጠየቀ ሰው ካለ፣ መልሱ በኖቬምበር 1893 የእንግሊዙ ሞርቲመር ዱራንድ ከአሚር አብዱራህማን ጋር የተፈራረመው መስመር ነው፤ ፓሽቱኑን ለሁለት ከፈለው፣ ዛሬ ከመስመሩ ወዲያ ፓኪስታን ያለው ይበዛል። በ1947 ፓኪስታን ተባበሩት መንግሥታት ስትገባ የተቃወመች አንዲት አገር አፍጋኒስታን ብቻ ነበረች።

አሁን 18። አንድ ሰው አሚር አብዱራህማን የአፍጋን ምኒልክ ናቸው ብሎ ጻፈ። ሁለቱም በአንድ ዘመን፣ ሁለቱም ከፈረንጅ ጠመንጃ አግኝተው ማዕከሉን ያጠናከሩ። መልስ 19 ይህን እንደ ምስጋና ወሰደው። መልስ 20 እንደ ክስ ወሰደው፤ ከ1891 እስከ 1893 በሐዛራዎች ላይ የተካሄደውን ዘመቻ ዘረዘረ፤ መንደር መቃጠሉን፣ መሬት ለሌላ መሰጠቱን፣ ሰው ተሸጦ ካቡል ገበያ መውጣቱን። ባርነቱ በሕግ የቀረው በአማኑላህ ዘመን፣ በ1923 ነው። እስከዚህ ድረስ ትምህርት ነበር። ከዚያ ወዲያ የተጻፈው ስለ አፍጋኒስታን አይደለም፤ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። 21 እና 22 ባዶ የሚታዩት አወያዩ ስለደመሰሳቸው ነው።

መልስ 23 ውኃ ቸለሰበት። የየትኛው ብሔር ቁጥር ይበልጣል በሚለው ላይ ለሚጨቃጨቁት፣ አፍጋኒስታን ሕዝቧን ልትቆጥር የተነሳችው በ1979 እንደሆነና ያውም በጦርነት ምክንያት ሳይጠናቀቅ መቅረቱን አስታወሰ። የ2004ቱ ሕገ መንግሥት 14 ብሔር በስም ጠርቷል፤ መቶኛ ግን አልሰጠም። የምትወረውሩት ቁጥር ሁሉ ግምት ነው ብሎ ሄደ።

መልስ 24 የኛን ድምፅ አነሳ። ሶቪየት በ1979 መጨረሻ ከገባች በኋላ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1980 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የውጭ ጦር ይውጣ ብሎ ሲወስን 104 አገሮች ደገፉ፣ 18 ተቃወሙ፣ 18 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከተቃወሙት 18 አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ ስለ አፍጋን ጀግንነት ክር ለከፈተ ሰው ትንሽ ያሳፍራል።

መልስ 25 ረጅም ነው። ጸሐፊው በ1986 በስኮላርሺፕ ኪየቭ ሄዶ ከአፍጋኒስታኗ ማዛሪ ሻሪፍ ከመጣ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ደረሰው። በደርግ ልጅና በካቡል መንግሥት ልጅ መካከል ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር፤ ሁለቱም አገር ቤት ስለቀረው ነገር በስልክ አያወሩም። ፌብሯሪ 15 ቀን 1989 የጋራው ቴሌቪዥን የሶቪየት ጦር አዛዥ ጄኔራል ግሮሞቭ ድንበሩ ላይ ያለውን የአሙ ዳርያን ድልድይ ተሻግሮ ሲወጣ አሳየ። ኮሪደሩ ላይ ወንድሟ በሕይወት የተመለሰላት ልጅ ታለቅሳለች። አፍጋኑ ተነሥቶ ወደ ኩሽና ሄደ፤ ሲከተለው ድንች እየላጠ አገኘው። ልጣጩን በጣም ስስ አድርጎ፣ ሳይቆርጥ፣ አንድ ድንች አንድ ረጅም ልጣጭ እያወጣ። የካቡል መንግሥት ምን ያህል ይቆያል ብሎ ጠየቀው፤ ሁሉም የሚለው ወራት ነበር። የካቡሉ መሪ ናጂቡላህ ግን ሦስት ዓመት ቆዩ፤ የወደቁት የሞስኮ እርዳታ ከተቋረጠ በኋላ፣ በኤፕሪል 1992 ነው። ደርግ ቀደማቸው። በሜይ 1991 ዜናው ሲሰማ ያን ቀን ለኢትዮጵያዊው ምግብ የሠራለት ያ አፍጋን ነበር። በዓመቱ ደግሞ ተራው ተገለበጠ። አሁን የት እንዳለ አያውቅም።

ከዚህ በኋላ ማንም ለሁለት ቀን አልጻፈም።

መልስ 26 ከሐምቡርግ ነው፤ ከአውሮፓ ከተሞች ብዙ አፍጋን ከሚኖርባቸው አንዷ ናት። ልጁ የስደተኛ መጠለያ ውስጥ ሳለ ጎረቤቱ ከአፍጋኒስታኗ ሄራት የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ምንጣፍ ላይ ላስቲክ ዘርግተው አረንጓዴ ሻይ ይቀዳሉ፤ መጀመሪያው ስኳር የበዛበት፣ ቀጥሎ መራራው። ብርጭቆውን በእጁ ካልከደነ እንደገና ይሞላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሦስት ጠብቆ ስድስት ጠጣ። በቋንቋ አይግባቡም። አንድ ቀን ማሰሮውን አሽተተና ሄል አለ፤ ሽማግሌውም ሄል ብለው ደነገጡ። በዳሪም (የአፍጋኖቹ ፋርስኛ ነው) በአማርኛም ቃሉ አንድ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን ትተው ሄል ብለው ይጠሩት ጀመር። መሬት የወደቀ ዳቦ ሲያገኙ አንሥተው ስመው ከፍ ያለ ቦታ ሲያስቀምጡ አያቱን ነው ያስታወሰው።

መልስ 27 ይህን በፓሽቱንዋሊ፣ በፓሽቱኖች የባህል ሕግ፣ ተረጎመው፤ እንግዳ መቀበል ደግነት ብቻ ሳይሆን ሕግ ነው፣ ደጅህ የገባውን ጠላትህን እንኳን ታስጠልላለህ፣ ደም መመለስም በዚያው ሕግ አለ። መልስ 28 ሳቀበት፤ ሄራት በአብዛኛው ፋርስኛ ተናጋሪ ነው፣ ሽማግሌው ፓሽቱን ለመሆናቸው ምን ማስረጃ አለህ፣ ሰው ሻይ የሚቀዳው ሁልጊዜ በሕግ ነው ወይ። ትንሽ ከረረ፤ ልክ ግን ነበር።

መልስ 29 አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ያለች እህታችን ናት። ፎቅዋ ላይ ግማሹ ሐበሻ፣ ግማሹ አፍጋን ነው። ከ2021 በኋላ የመጣች ጎረቤቷ ጃላላባድ አስተማሪ ነበረች፤ ከስድስተኛ ክፍል በላይ ለሴት ልጅ ሲዘጋ ተማሪዎቿ ቤት ቀሩ፣ በዲሴምበር 2022 ዩኒቨርሲቲውም ተከተለ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ሲጠብቁ ላንዳይ ታንጎራጉርላታለች፤ የፓሽቱን ሴቶች ግጥም፣ ሁለት መስመር ብቻ፣ በፊተኛው 9 በኋለኛው 13 ክፍለ ቃል። ገጣሚዋ አትታወቅም፤ ስለዚህ ስለ ባሏም ስለ ጦርነቱም ያሻትን ትላለች። እህታችን ትርጉሙን ስትሰማ የልቅሶ ቤት አልቃሽ መስላት ነበር።

መልስ 30 መጥፎ ነበር፦ በ2021 አገራቸውን ለታሊባን በ10 ቀን ያለ ጥይት አስረከቡ፣ ፕሬዚዳንታቸው ፈረጠጡ፣ የምን ጀግና። መልስ 31 የጻፈው አሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግሎ ካንዳሃር የቆየ ሐበሻ ነው፤ ሰላምታም አልሰጠ። ያው ፕሬዚዳንት አሽራፍ ጋኒ በጃንዋሪ 2019 ራሳቸው እንደተናገሩት፣ ሥልጣን ከያዙበት ከ2014 ወዲህ ብቻ ከ45,000 በላይ የአፍጋን ወታደርና ፖሊስ ተገድሏል። በፌብሯሪ 2020 ዶሃ ላይ አሜሪካና ታሊባን ሲፈራረሙ የካቡል መንግሥት ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ደሞዙ በአዛዡ ኪስ የሚቀር፣ ስንቅ የማይደርሰው ወታደር አጠገብ ተኝቶ ያላየ ሰው ስለ ጥይት አያውራ ብሎ ጨረሰ። የመልስ 30 ጸሐፊ ምንም አልመለሰም። በመልስ 32 እኔ ሁለቱንም ለማስታረቅ ሞክሬ ማንም አላነበበኝም።

33 እና 34 ወደ ጨዋታ ወሰዱን፤ ተመስገን። ክሪኬትን ብዙዎቹ የለመዱት ፓኪስታን የስደተኛ ካምፕ ውስጥ ነው፤ በ2023 የዓለም ዋንጫ ዴልሂ ላይ እንግሊዝን አሸነፉ። ስለዚህ ሦስቴ ያልኩት አራቴ ሆኗል። ክሪኬት ምንድን ነው ብሎ የጠየቀም ነበር። በ2008 ቤይጂንግ ላይ ለአገሪቱ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ በቴኳንዶ ያመጣው ሩሁላህ ኒክፓይ ሐዛራ መሆኑን 34 አክሏል፤ 18ን ያስታወሰ ያስታውስ። ቡዝካሺም ተነሣ፤ በፈረስ ላይ ሆኖ የፍየል ሬሳ የሚነጣጠቁበት። ጉግስ ለስላሳ ነው አሉ።

በ35 የሐምቡርጉ ልጅ ተመልሶ አንድ ቅሬታ አቀረበ፦ ሁሉን ወደደ፣ ካቡሊ ፓላው ላይ ግን ሥጋና ሩዝ ውስጥ ዘቢብ ምን ይሠራል? መልስ 36 ጣዕም የማያውቅ አለው። ከገንዳማክ ይልቅ በዘቢብ ሊጣሉ ነበር። የቨርጂኒያዋ እህታችን በ37 ከጎረቤቷ ጠይቃ አሠራሩን አመጣች፦ ካሮቱ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥኖ ይቆረጥና በትንሽ ስኳር ይጠበሳል፤ ዘቢቡ ለብቻው፣ ሲነፋ ብቻ ወዲያው ይወጣል፤ ሩዙ ግማሽ ከበሰለ በኋላ በሥጋው መረቅ፣ በከሙንና በሄል ታፍኖ ይበስላል፤ ካሮቱና ዘቢቡ ከላይ።

መልስ 38 የኔ ናት። እሑድ ሞከርኩት። ሩዙ ሸጋ ወጣ፤ ስልክ ሳነሳ ዘቢቡ አረረ።